የተሰነጠቀችውና የተገመጠችው

ደግሞስ ቀላል ናት ብላት አልነበረም ወይ፣ ቀላል ናት እታለም፣ እስኪ በእጅሽ መዝኛት ብላ አልነበረም ወይ ሀና ያቀበለቻት፣ ዕፀገነትም እንደ ሞኝ መዘነች፣ በቀኝ እጇ አዲሲቱን፣ በግራ እጇ አሮጊቷን፣ ልክ ቅርጫ እንደሚያከፋፍል ሰው፣ እውነትም አዲሲቱ ቀለለች፣ ቀጠነች፣ አበራች፣ አሁን ግን በዚህ አርብ ረፋድ፣ የሱቋን በር ከውስጥ ቀርቅራ ሁለቱን ታብሌቶች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስተኝታ ስታያቸው ያች ቀላል የተባለችው የወፍጮ ድንጋይ ታህላለች፣ ላንሣሽ ብትላት ክንዷ አይታዘዝም።

አትነካትም። ዛሬ አትነካትም።

ከውጭ ገበያው ይጮኻል፣ አህያ፣ ሰው፣ የገብስ ዋጋ፣ የበግ ዋጋ፣ ታች ጋይንት ሁሉ በእግሩ አርብ ገበያ ገብቷል፣ አንዱ ቆርቆሮ በሯን በመዳፉ ይመታል፣ እትዬ ዕፀገነት፣ ኧረ እትዬ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ፈልጌ ነበር፣ ዝም ትላለች፣ እሷ ዝም ካለች የሞተች ነው የሚመስላቸው፣ ምላሷ ከሱቋ ቀድሞ የሚከፈት ሴት፣ እስክርቢቶ በዱቤ ለጠየቃት ካድሬ ንግግርህን በዱቤ ስሰማህ አልኖርኩም ወይ ብላ የመለሰች ሴት፣ ሂድ ወዲያ ትለዋለች በሆዷ፣ ደብተር ምን ያደርግልሃል፣ ጽፈህ ምን ልትሆን፣ እኔ ጽፌ ምን ሆንኩ።

ምን ሆንኩ።

ጨው ተራ ነው የሰማችው፣ ማለዳ፣ ለሽሮዋ ጨው ጎድሏት ወርዳ፣ ጨው ሻጯ ዘርፌ ስልኳን ክምሩ ላይ አስደግፋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ነይማ ዕፀገነት፣ ነይ ይችን ሴት ስሚልኝ፣ አንጀቴን በላችው፣ ከጧት ጀምሮ ጨዉን በእንባ አሟሟሁት፣ ዕፀገነትም ጎንበስ አለች፣ ከስልኩ ኦርጋን ይንቆረቆራል፣ ከኦርጋኑ ሥር ዱም ዱም የሚል ነገር አለ፣ ከዱምዱሙ ሥር ደግሞ፣

አስቻለው ወንድሜ የቤቱ ምሰሶ፣
በሬህ ተኝቶ ቀረ ቀንበሩን ተንተርሶ።

ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፣ ከዚችው ሱቅ፣ ከዚያ ከመደቡ ላይ ነው የወጣው፣ እትዬ ማሬ ናቸው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ያላለቀሱት እትዬ ማሬ፣ በወላጅ እናታቸው ቀብር ላይ እንኳ ከንፈራቸውን ነክሰው የቆሙት እትዬ ማሬ፣ እና ቀና ስትል፣ ከዘርፌ ትከሻ በላይ፣ የአህያውን ገመድ በእጁ እንደ ጠቀለለ፣ ማን ቢቆም ጥሩ ነው፣ ባዩ። የእትዬ ማሬ አማች ባዩ። የገዳዩ ልጅ ባዩ። ስልኩን ያያል፣ አይቆጣም፣ አይጠይቅም፣ እንደ እርሻ በሬ ዝም ብሎ ይሰማል፣ ስልኩም ቀጠለ፣

ከወንዙ ማዶ ላይ ገዳይህ ያርሳል፣
ከወንዙ ወዲህ ወንድ ነጠላ ለብሷል።

ወይኔ። ወይኔ ዕፀገነት። ይች ሁለተኛይቱ ናት ነገረኛዋ፣ ያኔ አስቻለው በድንበር ጠብ በወልደ ጊዮርጊስ ጥይት የወደቀ ጊዜ እህቱ ማሬ ለቅሶው ላይ ቆመው ይችን ቢሏት ነጠላ ለብሷል የተባለው ወንድ ሁሉ ነጠላውን ጥሎ ጠመንጃውን አነሣ፣ ዓመት ሳይሞላ ከወዲያም አንድ ከወዲህም አንድ ተቀበረ፣ መርጌታ ቀለመ ወርቅ መስቀል ይዘው፣ ሽማግሌ ሰብስበው፣ ስንት ጊዜ ወንዙን ተሻግረው ደሙን ያደረቁት በስንት መከራ ነው፣ በዕርቁ ቀን ወንዶቹ ጠመንጃቸውን አስቀመጡ፣ ማሬ ድምፃቸውን። እንዲያ ነበር መሐላው። ጠብመንጃ ከእጅ ይውረድ፣ ሙሾ ከአፍ ይቅር፣ በለቅሶም በሠርግም ይህ ቃል በማሬ ድምፅ ከተሰማ ዕርቁ ፈረሰ፣ መሐላው እሳቸውንና የዘር ዘራቸውን ይያዝ፣ ሌላ ሰው ቢለው ወሬ ነው፣ ባዳ ያወረደው ሙሾ ደም አይጠራም፣ የሟች እህት ስታወርደው ግን ሌላ ነው። ከዓመታት በኋላም የዕርቁ ማሰሪያ ብለው የማሬን ልጅ እመቤትን ለወልደ ጊዮርጊስ ልጅ ለባዩ ሰጧት፣ ሦስት ወልዳለታለች፣ የገዳይም የሟችም ደም ያለባቸው ሦስት ልጆች አንድ መሶብ ከበው ይበላሉ፣ ይህ ሁሉ የቆመው በአንዲት ሴት ዝምታ ላይ ነው።

አሁን በዘርፌ ጨው ላይ ቆሞ ይዘፈናል።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ሀና ናት፣ ከሀና በቀር ማን አለ፣ የሙት እህቷ የሙሉዓለም ልጅ፣ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ በዚህ ባንኮኒ ሥር ያደገች፣ ሀ ሁን ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ያስቆጠረቻት፣ ዕፀገነት ራሷ ማን አስቆጥሯት ያውቃልና፣ ወንድሟ የኔታ ዘንድ ሲማር ከአጥሩ ኋላ ፍየል የምትጠብቅ መስላ ነው የሰረቀችው፣ ፊደልን ሰርቃ ነው ያገኘችው፣ ስለዚህ ለሀና በግልጽ ሰጠቻት፣ በብርሃን፣ ሳትሰስት፣ እሷም ባሕር ዳር ሄዳ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ መጣች፣ ከሻንጣዋም ይችን ነጭ ካርቶን አወጣች።

እታለም ያንቺ እኮ አርጅታለች፣ እስኪ ተያት።

አርጅታለች! ያን ዕለት ሁለቱን እንዲህ አስተኝተዋቸው ነበር፣ ሀና እንደ በሬ ደላላ ጥርሳቸውን እየገለጠች፣ እዪ፣ ይህ አንድሮይድ ነው፣ ያውም የድሮው፣ አዲስ ሲስተም አይቀበልም፣ አንድ ነገር ስትከፍቺበት ቡና ጠጥተሽ ትመለሻለሽ፣ ባትሪው እስኪ አሁን ስንት ሰዓት ይቆይልሻል፣ አንድ ሰዓት፣ ውሸት፣ ሁለት ሰዓት ይቆያል አለች ዕፀገነት፣ እሺ ሁለት፣ ይቺ ደግሞ አይፓድ ናት፣ ሲስተሟ ሌላ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ትውልልሻለች፣ አማርኛው ፊደል አብሯት ነው የመጣ፣ ፎንት አውርጂ የለ፣ ሣጥን ሣጥን የሚሆን ፊደል የለ፣ ድምፅ መቅጃዋን ደግሞ ስሚው፣ ትንፋሽ ሳይቀር ይይዛል። ጀርባዋ ላይ የተገመጠ ፖም አለ። ዕፀገነት ያን አይታ ሣቀች፣ ይች ደግሞ ማን ገመጣት፣ ሔዋን ናት እንዴ ብላ ሣቀች፣ ስሟ ዕፀገነት ሆኖ ያቺን ፍሬ አይታ ልብ አላለችም፣ ከዚያ ወዲህ አሮጊቷ የተሰነጠቀችው ተባለች፣ ከጥግ እስከ ጥግ የሄደ ስንጥቅ አለባትና፣ አዲሲቱ የተገመጠችው።

ይህችስ ቅንጣቢቷን የት ነው የምትከትት ብላ ጠይቃት ነበር፣ መጠየቁን ጠይቃለች፣ እግዚአብሔር ያያል፣ ምክንያቱም የተሰነጠቀችው ጎኗ ላይ ቀዳዳ አላት፣ ከቀዳዳው ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ትወጣለች፣ ዕፀገነት ከስማዳ ወገዳ እስከ እስቴ በእግሯ እየዞረች የቀዳቻቸው ሠላሳ ስድስት ሴቶች እዚያች ጥፍር ላይ ናቸው፣ ባሏ ገደል የገባባት፣ ልጇ በስደት የቀረባት፣ የምታጠባውን ሕፃን ሞት ከጡቷ የነጠቃት፣ እያንዳንዷ ሙሾዋን ስትሰጣት አንድ ቃል ታስገባት ነበር፣ እኔ ሳልሞት እንዳይሰማ፣ ዕፀገነትም እሺ ትላለች፣ ማታ ካርዷን ታወጣለች፣ በጨርቅ ትቋጥራለች፣ ከመቀነቷ ጫፍ ታስራለች፣ ሠላሳ ስድስት ሴት በወገቧ ታጥቃ ትተኛለች። እና ይህችስ፣ አለች፣ ቀዳዳዋ የታለ።

የላትም። አያስፈልግም። ሁሉም ክላውድ ላይ ይቀመጣል።

ምን ላይ?

ደመና ማለት ነው እታለም፣ ሰማይ ላይ በይው።

በደመና ላይ የሚቀመጠው እግዚአብሔር ብቻ ነው አንቺ፣ ይልቅ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብኝ፣ ሁለቱም ሣቁ፣ ሣቁ እኮ፣ ቁልፍስ አላት ወይ አለች፣ እንዴታ፣ አውራ ጣትሽን አምጪ፣ ጫኝ፣ አንሺ፣ ጫኝ፣ ጠርዙን፣ በሌላው በኩል፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ካንቺ ጣት በቀር አትከፈትም። ዕፀገነት ጣቷን ነው የሰጠችው። ቀበሌ ስትጠራ ሴቱ ሁሉ ቀለም ነክሮ አውራ ጣቱን ሲያትም እሷ ብቻ እስክርቢቶ አምጡ የምትል፣ በፊርማዋ ጅራት ግማሽ ገጽ የምትሞላ፣ ጣት የማይምነት ማኅተም ነው እያለች ስንቷን ያስለቀሰች፣ ለዚች ለተገመጠችው ዕቃ አምስቴ ስድስቴ አውራ ጣቷን ጫነች፣ ጌታ ሆይ፣ ምን ፈርሜ ኖሯል።

ከጨው ተራ በቀጥታ የሮጠችው ስልክ ጠጋኙ እሸቱ ዘንድ ነው፣ ሁለቱንም በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሮጣ አታውቅም፣ ሰው ዞር ብሎ አያት፣ እሸቱ አዲሲቱን ገለበጠ፣ በጣቷ አስከፈታት፣ ሴቲንግ ገባ፣ አንገቱን አከከ፣ እትዬ፣ አካውንቱ የማን ነው።

የምን አካውንት።

ይኸው እዚህ ላይ፣ ስሙ፣ ሀና ይላል፣ እትዬ፣ ዕቃዋ የእርስዎ ናት እንጂ ባለቤትዋ ሀና ናት፣ እዚህ ላይ የሚቀዱት ሁሉ ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር ባክአፕ ይሆናል፣ ማለት ሀና ስልክ ላይ ይገለበጣል። ካንቺ ጣት በቀር አትከፈትም ተብዬ ነበር። አዎ፣ ይቺ አትከፈትም፣ የሀና ስልክ ግን በሀና ጣት ይከፈታል።

ይኸ ነዋ። ዕፀገነት አሰበች፣ ዳታ ተዘግቶ በነበረበት ወራት ሁሉ የተገመጠችው ዝም ብላ ነበር፣ አምስት ሴቶችን ውጣ ዝም፣ ዕፀገነትም ታማኝ ናት አለች፣ ከዚያ ኔትወርኩ የተለቀቀ ለት ከተማው እልል ሲል፣ ሀና ደወለች፣ እታለም ስልክሽን ሆትስፖት አድርጊና አገናኛት፣ ሲስተሟን ታድስ፣ ዕፀገነትም አገናኘቻት፣ ቀኑን ሙሉ መስመሯ ሲሽከረከር አጠገቧ ተቀምጣ እንደ ታመመ ልጅ ጠበቀቻት፣ የምትጠጣ መስሏት፣ ለካ የምትተፋ ኖሯል።

ታዲያ የአሮጊቷ ሲስተም ይሻላል በለኛ፣ አለችው እሸቱን፣ አንድሮይዱ ይሻላል፣ ምስጢር ያውቃል፣ እሸቱ ግን ሣቀባት፣ አይ እትዬ፣ ይቺም እኮ ያው ናት፣ አካውንት ቢከፍቱባት ይቺም ትልክ ነበር፣ ማንም ስላልከፈተባት፣ ማንም ስላላገናኛት ነው እንጂ፣ ሲስተሞቹ ሁለቱም የታዘዙትን ነው የሚያደርጉ፣ እርስዎ የሚሻለው ማን እንዳዘዛቸው ቢጠይቁ ነው።

እንዲህ ነዋ ነገሩ። የተሰነጠቀችው ታማኝ አልነበረችም፣ ደንቆሮ ነበረች እንጂ፣ ታማኝነቷ ድንቁርናዋ ኖሯል። ስንት ሰው አለ እንዲህ፣ ምስጢር ጠባቂ የሚባል፣ የሚነግረው ሰው ስላጣ ብቻ።

ሱቋ ተመልሳ በሩን ዘጋች፣ ደወለች፣ ስልኩ ሁለቴ ሳይጠራ፣ ወይኔ እታለም! አየሽው አይደል! ልደውልልሽ ነበር እኮ፣ ሁለት መቶ ሺህ ሰው አየው፣ በሦስት ቀን! ሀና፣ ማነው ከኔ ቤት ያወጣው። ምኑን። ድምፁን። እንዴ፣ ራሱ ነዋ ስልኬ ላይ የመጣ፣ አካውንታችን አንድ አይደል። አካውንታችን! ትንሽ ቃል ናት፣ አችን፣ እንደ ማዕዳችን፣ እንደ ቤታችን፣ መቼ ነው ሳላውቅ የኔና ያንቺ የሆነው። ስማቸውን እኮ አልጠራሁም እታለም፣ የጋይንት እናት ነው ያልኩት፣ ዳራውን ደግሞ የጉና ጭጋግ አደረግሁበት፣ ኮመንቱን ብታዪ፣ አሜሪካ ያለ ሰው ሳይቀር አለቀሰ፣ አንቺ ይህን ሁሉ ሀብት በመቀነት ቋጥረሽ ለማን ልታወርሺ ነው፣ አይጥ ሊበላው? አጥፊው። ምን? አሁኑኑ አጥፊው አልኩሽ፣ አስቻለው የሚል ስም አለበት፣ ባዩ ሰምቶታል፣ የአስቻለው እህት መሐላ አለባት፣ ሰው ያልቃል በዚህ ነገር ገባሽ? ከዚያ የሀና ድምፅ አንሶ፣ እሺ አጠፋዋለሁ፣ ግን አውርደውታል እኮ፣ ለሰው ተላልፏል፣ እኔ መሐላ መኖሩን በምን አውቄ እታለም። ከዚያም፣ ክፉ ሳታስብ፣ በዚያ በልጅነት አፏ፣

ግን ፈቅደው አይደል የቀዳሻቸው?

ዕፀገነት ስልኩን ዘጋችው።

ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ተቀምጣለች፣ የምታወዳድር መስላ፣ ይቺ ትፈጥናለች፣ ያቺ ትዘገያለች፣ ይቺ ቀዳዳ የላትም፣ ያቺ አላት፣ ይቺ ተገመጠች፣ ያቺ ተሰነጠቀች፣ እንዲህ እያለች ጥርስ ስትቆጥር አንዲቷን ጥርስ ትዘላለች፣ ግን ፈቅደው አይደል የሚለውን፣ ሀና ከዳችኝ፣ የእህቴ ልጅ፣ በእጄ ያሳደግኋት፣ እውነት ነው ከዳችኝ፣ አካውንቷን አስገብታ ሳትነግረኝ፣ አምስት ሴት ስልኳ ላይ ወድቆላት ሰምታ ሰምታ ዝም ብላ፣ ከዚያም ሳትጠይቀኝ ኦርጋን አልብሳ፣ ከዳችኝ፣ ግን ሀና የያዘችው ድምፅ ከየት መጣ። ዕፀገነት፣ ከየት መጣ።

እትዬ ማሬ ድምፄን አትያዢ ነው ያሉት። ያ መደብ ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ እንደ አርብ ልማዳቸው የገብስ ከረጢታቸውን እግራቸው ሥር አኑረው፣ ልጄ፣ ያንን ለቅሶ የሰሙት ሰዎች ሁሉ እያለቁ ነው፣ የወንድሜ ስም አብሮኝ አፈር ሊገባ ነው፣ በለሆሳስ እነግርሻለሁ፣ አንቺ በእጅሽ ጻፊው፣ መናገር ማልቀስ አይደለም፣ መርጌታንም ጠይቄያለሁ፣ ቃሉ ቢጻፍ ምንም አይደለም ብለውኛል፣ ድምፅ ግን አይሆንም፣ እሺ? እሺ እትዬ። ደብተርና እስክርቢቶ አወጣች። የተገመጠችው ጭኗ ላይ ነበረች፣ በነጠላዋ ተሸፍና፣ አውራ ጣቷም፣ ያ ማይም አውራ ጣት፣ ከነጠላው ሥር ሄዶ ጫናት። አንድ ጊዜ። ለጥንቃቄ ነው አለች ለራሷ፣ ቃል ቢያመልጠኝ ብዬ ነው፣ በኋላ አጠፋዋለሁ። እትዬ ማሬ በለሆሳስ ጀመሩ፣ አስቻለው ወንድሜ፣ እንደ ገበያ ዝርዝር፣ በሬህ ተኝቶ ቀረ ሲሉ ግን ድምፃቸው ራሱን አነሣ፣ ሳይፈልጉ፣ እንደ ተራበ ልጅ ተነሣ፣ ሃያ ዓመት የተዘጋ ጉሮሮ ተከፈተ፣ ዕፀገነት እንዲህ ያለ ድምፅ በሠላሳ ስድስቱም ሴቶች ዘንድ አልሰማችም፣ ፀጉሯ ቆመ፣ ዝም ይበሉ ማለት ነበረባት፣ አላለችም፣ ሀና ትንፋሽ ሳይቀር ይይዛል ያለችው ትዝ አላትና ደስ አላት፣ ደስ አላት! ሲጨርሱ እትዬ ማሬ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ አይ እኔ፣ ሳላስበው አመለጠኝ፣ ድምፄን አልያዝሽውም አይደል ልጄ።

አልያዝኩም እትዬ።

ፊደል ሰርቃ የጀመረች ሴት፣ ምን ይጠበቃል።

ሦስት ጊዜ በሩ ይንኳኳል፣ በከዘራ፣ ይህን አንኳኳ ታውቀዋለች፣ ቤቶች፣ ዕፄ፣ አለሽ? እጇ ከልቧ ቀድሞ መቀርቀሪያውን ይስባል፣ እትዬ ማሬ ከነከረጢታቸው ይገባሉ፣ መደቡ ላይ ይወርዳሉ፣ የላስቲክ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ እንደ ሁልጊዜው አይደለም፣ በሩን ምን አዘጋሽ፣ አመመሽ እንዴ። ትንሽ እትዬ። ሁለቱ ታብሌቶች ባንኮኒው ላይ ናቸው፣ ሁለቱም ጠፍተዋል፣ ሁለቱንም ሦስቴ አጥፍታቸዋለች።

ባዩ ዛሬ አንድ ነገር አሰማኝ፣ ይላሉ እትዬ ማሬ።

ዕፀገነት ትቆማለች።

ከዘርፌ ስልክ፣ እጄን ይዞ ወስዶ፣ እማ፣ ይቺ ሴት እርስዎ ነዎት? አለኝ፣ ስንት ዓመት እማ ያለኝ ልጅ ፊቱ የአባቱን ፊት መስሎ፣ የልጅ ልጆቼ አባት ባይሆን በሮጥኩ ነበር። አዳመጥሁት። ኧረ በወላዲተ አምላክ እኔ አይደለሁም፣ የኔ ድምፅ እንዲህ ነው ወይ፣ እኔ ይህን ካልሁ ምላሴ ይቆረጥ ብዬ ማልሁለት። አመነኝ። ሕዝቡ መሐል ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ስሞ ሄደ፣ አሁን እመቤትና ልጆቹ ዘንድ ሄዷል።

የራሳቸውን ድምፅ አያውቁትም። በእርግጥም ከየት ያውቁታል፣ ስልክ የላቸው፣ ቀድቶ ያሰማቸው የለ፣ ሰው የራሱን ድምፅ ከውስጥ ነው የሚሰማው፣ ከውጭ ሲመጣበት እንግዳ ነው፣ ስለዚህ በንጹሕ ልባቸው ማሉ፣ በንጹሕ ልባቸው በሐሰት ማሉ፣ እሷ ናት ያስማለቻቸው።

ቃሉ ግን የኔ ነው፣ ይላሉ እትዬ ማሬ፣ ቀስ ብለው፣ ቀና ብለው፣ ከነ ቤቱ ከነ ምሰሶው፣ አንድ ፊደል አልጎደለም፣ እንዲህ ቅጥ አስይዤ የሰጠሁት ላንቺ ነው። ለማን ሰጠሽብኝ ዕፄ? ማናት ይቺ ሴት?

ማናት። እውነቱ እዚህ ነው፣ ከንፈሯ ላይ፣ እርስዎ ነዎት እትዬ፣ እኔ ከነጠላ ሥር ሰርቄዎት ነው፣ ብትለው ይቀልላታል፣ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ወፍጮ ይነሣል፣ እግራቸው ላይ ወድቃ ታለቅሳለች፣ እሳቸውስ፣ እሳቸው ምን ይሆናሉ፣ በወላዲተ አምላክ ስም የማሉት ምላስ የት ይገባል፣ ወይ ለባዩ ሄደው እኔ ነበርሁ ይሉታል፣ እሳቸው ደግሞ ይሉታል፣ ውሸት አይችሉበትም፣ ከዚያ ገመድ የጠቀለለው እጅ ምን ይይዛል፣ ከዚያ እመቤት፣ ከዚያ ሦስቱ ልጆች፣ ለሷ ለአንዲት ዕፀገነት እንዲቀልላት ብሎ፣ ሀና ናት ቢባልስ፣ ሀና ከማን አገኘችው ይባላል፣ እኔንጃ ቢባልስ፣ እኔንጃ ያልሽ ለት ሰው ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ እሸቱ ያውቃል፣ አንድ ሴት ያስፈልጋል፣ ለዚህ ድምፅ አንድ ጉሮሮ ያስፈልገዋል፣ ደም የሌለበት፣ ባዳ፣ ሙሾዋ ማንንም የማይጠራ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ንስሐውን ከነዕዳው እኔ እሸከመዋለሁ፣ መርጌታ ዘንድ በጉልበቴ እሄዳለሁ፣

እኔ ነኝ እትዬ።

ምን?

ድምፁ የኔ ነው። እርስዎ የነገሩኝን እኔ ለብቻዬ አለቀስኩት፣ በዚች ቀዳሁት፣ ሀና ሳልነግራት አወጣችው።

እትዬ ማሬ ያዩዋታል፣ ዓይናቸው ውስጥ ንዴት ትጠብቃለች፣ መጀመሪያ የመጣው ግን ንዴት አይደለም፣ አንቺ? ይላሉ፣ አንቺ እንዲህ ታለቅሻለሽ? ሰው ለቅሶ ላይ እንደ ተሰነጠቀ ቅል ነው እኮ የምትጮኺው።

ስልኩ ነው፣ ስልክ ድምፅ ያሳምራል።

ያሳምራል፣ ይላሉ፣ ያሳምራል በይኝ፣ ጫማቸውን ያጠልቃሉ፣ አንዱን፣ ሌላውን፣ ብነግርሽ አትቆጪኝም፣ እዚያ ቆሜ ስሰማት ቀናሁባት፣ እኔ እንኳ ወንድሜን እንዲህ አላለቀስኩትም ብዬ ቀናሁ፣ ይህችን ሴት እግዜር ምን ቢያሳያት ነው ብዬ ከልቤ አዘንሁላት። ከዘራቸውን ያነሣሉ። ለካ ያንን ሐዘን የኔን ለብሰሽ ነው። የሙት ልብስ እንደሚሰርቅ ሰው።

ከረጢቱን ያነሣሉ። ስንት ዓመት አርብ በአርብ እዚህ መደብ ሥር አስቀምጠው፣ ገበያቸውን ዞረው፣ ተመልሰው የሚወስዱትን ከረጢት ያነሣሉ፣ ላግዝዎት ትላለች፣ እጇ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ከእንግዲህ ዘርፌ ዘንድ አኖረዋለሁ፣ ይላሉ፣ ደህና ዋይ። ደህና ዋይ አሉ እንጂ ልጄ አላሉም።

ይወጣሉ። ገበያው በተከፈተው በር ይገባል።

የተገመጠችው ትበራለች፣ ማን አበራት፣ አጥፍታት አልነበረም ወይ፣ የሀና መልእክት ነው፣ አጠፋሁት እታለም፣ ይቅርታ፣ ከጎኑ ቀይ ልብ፣ ዕፀገነት በአንድ ጣቷ ገፍታ በፊቷ ትደፋታለች፣ ካርዷን ከአሮጊቷ ጎን ታወጣለች፣ በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥራለች፣ ታጠብቃለች፣ አሁን ደግሞ አንድ ነገር ይገባታል፣ ዘግይቶ፣ እንደ አሮጌ ሲስተም፣ ያ ድምፅ የኔ ነው ካለች ከእንግዲህ በማንም ለቅሶ ላይ ድምፅዋን ማሰማት አትችልም፣ በጎረቤት ለቅሶ፣ በእሸቱ እናት ለቅሶ፣ እትዬ ማሬ ያረፉ ለት እንኳ፣ አንድ ቃል ካለቀሰች ቅሉ ይሰማል፣ ባዩ ይሰማል፣ ሃያ ዓመት እሳቸው የተሸከሟት ዝምታ መደቡን ተሻግራ መጥታ እሷ ጉሮሮ ላይ ተቀምጣለች።

እስኪ ልሞክራት ትላለች። ማንም የለም። በዝግታ፣ በለሆሳስ ብቻ፣ ምን ያህል እንደማልመስል ልስማው፣ አስቻለው ወንድሜ ልትል ትንፋሽ ትስባለች፣ ዓይኗ ባንኮኒው ላይ ያርፋል፣ በፊቷ የተደፋችው ላይ፣ የተገመጠው ፍሬ ወደ ላይ ሆኖ ያያታል፣

አፏን በነጠላዋ ትይዛለች።